ሠልጥነው ወጡ፤ ታካሚው ግን ዛሬም ከአልጋ አልወረደም

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። በሰበታ በኩል ባለ አንድ ሆስፒታል የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ከተመረቅሁ ጥቂት ዓመት ነው። በክፍሉ ያለነው ሁለት ብቻ ስለሆንን ነርሶቹን በመሠረታዊ የተሃድሶ ሕክምና እንዳሠለጥን ታዘዝኩ። ሁለት ቀን ሙሉ በስላይድ አስተማርኩ፤ የመጨረሻውን ፈተና ሁሉም በጥሩ ውጤት አለፉ። ዋርድ ስገባ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ስትሮክ የመታቸው ታካሚዎች ተኝተው ይውላሉ፤ ሲያነሷቸውም የደከመውን እጅ ይዘው ይጎትታሉ። በዕድሜ የሚበልጡኝን ሲስተሮች ማረም ይከብደኛል። የተግባር ልምምድ ተማሪዎችም ይላኩልኛል። የቲኦቲ (ሌሎችን ማሠልጠን የሚያስተምር የአሠልጣኞች) ሥልጠና እስካገኝ ልጠብቅ ወይስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ቲኦቲ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ስለ እሱ ወደ መጨረሻው እነግርሻለሁ። ከጻፍሽው ሁሉ ትልቁ መረጃ «ሁሉም አለፉ» የሚለው ነው። የደከመ እጅ እንደማይጎተት ነርሶቹ ያውቃሉ ማለት ነው። ሁለተኛ ዙር ስላይድ ብታዘጋጂ የሚያውቁትን ደግመሽ ትነግሪያቸዋለሽ፤ ዋርዱ እንደነበረ ይቀጥላል።

ጆርጅ ሚለር የተባለ የሕክምና ትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ልዩነት በአራት እርከን አስቀምጦታል፦ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ ከዚያም ማንም ሳያይ በዕለት ሥራ ላይ ማድረግ። የወረቀት ፈተና የሚደርሰው እስከ ሁለተኛው ነው። የእኛ ሙያ ደግሞ በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ዋጋው ያለው ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው። በሁለቱ ቀን ውስጥ አንዲት ነርስ እንኳ በእጇ ሰው አንሥታ አንቺ ካላየሻት፣ ሥልጠናው ገና አልተጀመረም ብለሽ ውሰጂው።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ አለ። ተማሪዎችሽ ነርሶቹ ናቸው ብለሽ ነው የተነሣሽው። በእኛ ዋርድ ግን ታካሚውን የሚያገላብጠው፣ የሚያጎርሰው፣ ሽንት ቤት የሚወስደው፣ አጠገቡ ወለል ላይ አንጥፎ የሚያድረው ማን ነው? አስታማሚ ነው። ሚስት ናት፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ከገጠር የመጣች የእህት ልጅ ናት። አንዲት የሌሊት ተረኛ ያን ሁሉ ታካሚ ይዛ እያንዳንዱን በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣለች ብሎ መጻፍ ለሪፖርት ያምር ይሆናል፤ ሌሊቱን አብሯት ያደረ ሰው ግን አያምነውም። ስለዚህ ነርሷ ከአንቺ መውሰድ ያለባት ሁለት ነገር ነው፤ ታካሚ ማንሣትን፣ ከዚያም ታካሚ ማንሣትን ለሌላ ማስተማርን። የሥልጠናሽ የመጨረሻ ተማሪ ከተፍኪ ወይም ከአዋሽ መልካ ባሏን ይዛ የመጣችው ሴት ናት። እሷ ከጥቂት ቀን በኋላ ታካሚዋን ይዛ ቤቷ ትገባለች፤ እዚያ ፊዚዮቴራፒስት የለም፣ ከፍ ዝቅ የሚል አልጋም የለም። እሷ ዘንድ የማይደርስ ሥልጠና መንገድ ላይ ቀርቷል።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከሉ አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም፣ ያለበት ሰፈር ዘነበወርቅ የአዲስ አበባ ዳርቻ ነበር፤ ተቋሙ ከመነሻው ማከምንና ማሠልጠንን አብሮ ይዞ የተነሣ ነው። በሥጋ ደዌ የእግሩ ስሜት የጠፋበት ሰው በየቀኑ እግሩን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ የደረቀውን ቆዳ በቀስታ መፋቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ሳይሰማው የቆሰለ ቦታ መኖሩን በዓይኑ መፈለግ አለበት። ይህን ዕድሜ ልክ የሚያደርግለት ባለሙያ አይኖርም። ከዚህ ሕክምና ማስተማሩን ብታወጪው የሚቀረው ጥቂት ነው። ቆልማማ እግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትንም ተመልከቺ። ጄሶው በየሳምንቱ እየተቀየረ እግሩ ከተቃና በኋላ፣ ልዩውን ጫማ መጀመሪያ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም ልጁ አራት ዓመት ገደማ እስኪሆነው ሌሊት ሌሊት የምታስረው እናት ናት። እሷ በደንብ ካልተማረች ጄሶ ያሠረው ሰው ድካም ከንቱ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋርድሽ። በሁለቱ ቀን ያስተማርሽውን ልገምት፦ የተሃድሶ ትርጉም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያስጀመረው የተሃድሶ 2030 ጥሪ፣ በዓለም 2.4 ቢሊዮን ሰው ተሃድሶ ሊጠቅመው የሚችል የጤና ችግር አለበት የሚለው አኃዝ፣ የስትሮክ ዓይነቶች፣ የአልጋ ቁስል ደረጃዎች፣ የተቆረጠ እግር አጠቃቀል፣ የደረት ፊዚዮቴራፒ። አኃዙ ልክ ነው፤ ለበጀት ስብሰባ ያዢው። ለዋርድ ግን አንድ ሥራ ብቻ ምረጪ። እኔ ብሆን የምመርጠው ስትሮክ የመታውን ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቼር ማዛወርን ነው። ሁለቱንም ቅሬታዎችሽን በአንድ ጊዜ ይነካልና፤ ታካሚው ከአልጋ ይወርዳል፣ የደከመው እጅም ከመጎተት ይድናል።

ሥራውን መጀመሪያ ለራስሽ በታትኚው። ዊልቼሩ በጤነኛው ጎን ወደ አልጋው ትንሽ ዘወር ብሎ ይቆማል። ፍሬኑ ይያዛል፣ የእግር ማሳረፊያው ይነሣል። ታካሚው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ ወለሉን ይረግጣሉ፤ ራሱን ካዞረው ቆም ተብሎ ይጠበቃል። የምታነሣው ፊት ለፊቱ ትቆምና የደከመውን ጉልበት በጉልበቷ ትደግፋለች። እጇ ወገቡን ወይም ቀበቶውን ይይዛል፤ ብብት ሥር አይገባም፣ የደከመውን ክንድም አይጎትትም። ታካሚው አፍንጫው በእግሩ ጣቶች ትይዩ እስኪመጣ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ይህ ካልሆነ ሰውየውን ሙሉ ክብደቱን መሸከም ነው። በተስማሙበት ቃል አብረው ይነሣሉ፣ በጤነኛው እግሩ ላይ ይዞራል፣ የወንበሩ ጠርዝ ባቱን ሲነካው በዝግታ ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ የደከመው ክንድ ትራስ ላይ ያርፋል። ይህ ሁሉ በግማሽ ገጽ ያልቃል። ያ ግማሽ ገጽ ማስተማሪያሽም ፈተናሽም ነው፤ ሌላ ፈተና አታውጪ።

እጁ ለምን እንደማይጎተት በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሪያቸው፦ ትከሻን በቦታው የሚይዙት ጡንቻዎች ስለደከሙ መገጣጠሚያው ላልቷል፣ ስትጎትቺው ይወርዳል፣ ካመመው በኋላ ታካሚው የእጅ እንቅስቃሴውን ሁሉ ይጠላል። ከዚያ በላይ አናቶሚ አያስፈልግም።

ለማስተማሩ ራሱ፣ ቀዶ ሐኪሙ ሮድኒ ፔይተን ያስፋፋው የአራት ደረጃ አካሄድ ለእኛ ሥራ ይስማማል። መጀመሪያ ምንም ሳትናገሪ በተለመደው ፍጥነት ሠርተሽ ታሳዪያቸዋለሽ። ሁለተኛ፣ እየቆራረጥሽና እያስረዳሽ ትሠሪዋለሽ። ሦስተኛ፣ ተማሪዋ «አሁን ፍሬኑን ያዢ፣ አሁን ጉልበትሽን አስጠጊ» እያለች ታዝሻለች፤ አንቺ ያለችሽን ብቻ ታደርጊያለሽ። አራተኛ፣ እሷ እየተናገረች ራሷ ትሠራዋለች። አሠልጣኞች ሰዓት ሲጠብባቸው የሚዘልሉት ሦስተኛውን ነው፤ እኔ ደግሞ ከአራቱ አንዱን ብቻ ያዢ ብባል እሱን እይዛለሁ። ፍሬኑን ካላዘዘችሽ አትያዢው፤ ዊልቼሩ ሲንሸራተት ራሷ ታያለች። በቃል ብትነግሪያት የማይያዛት ነገር ያኔ ይያዛታል። እርግጥ በዚህ ደረጃ «ታካሚ» የምትሆነው ሌላ ነርስ ናት። እሷንም ግማሽ ጎንሽ አይታዘዝም፣ አታግዢያት በያት። በብብቷ ተይዛ የተነሣች ነርስ ሰውን በብብቱ ለማንሣት ሁለተኛ ትቸገራለች።

ከአራት ሰው በላይ በአንድ ጊዜ አትያዢ። አካሄዱ መጀመሪያም የታሰበው ለአንድ ለአንድ ነው፤ ሃያ ሰው ከከበበሽ ሦስቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ስልካቸውን ያያሉ። ቦታው ደግሞ የስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን ዋርዱ ይሁን፣ አልጋውም ያው የዋርዱ አልጋ። የብዙ ሆስፒታል አልጋ ከፍታው አይቀየርም፤ አጭር ታካሚ ሲቀመጥ እግሩ ወለል አይደርስም፣ ያን ጊዜ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ይህን አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ያሠለጠነ ሰው አያስተምርም።

ሁለቱን ቀንም በትኚው። ጠዋት ርክክብ ካለቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለተወሰኑ ሳምንታት። በእጅ የሚሠራ ነገር ካልተደጋገመ በወራት ውስጥ እንደሚደበዝዝ በልብና ሳንባ ማነቃቂያ ሥልጠናዎች በደንብ ታይቷል፤ ማንሣትና ማዛወርም ከዚያ አይለይም። አበል የለውም ብለው የሚያጉረመርሙ ይኖራሉ። ስለዚህ ከሆስፒታሉ የሰው ሀብት ክፍል ጋር ተነጋግረሽ ሥልጠናው የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ በሚያሰጥ መንገድ የሚመዘገብበትን ዕድል ፈልጊ። ፈቃድ ለማደስ ነጥቡን ይፈልጉታል፤ መፈለጋቸውም ነውር የለበትም።

ስለ ትልልቆቹ ሲስተሮች። አንቺ ፊደል ቆጥረሽ ሳትጨርሺ ሰው ያከሙ ሴቶች ናቸው፤ በሰው ፊት ብታርሚያቸው ነገሩ ያኔ ያልቃል። በእነሱ ወገብ ጀምሪ። ዋርድ ውስጥ ዓመታት ሠርታ ወገቧን የማያማት ነርስ እስቲ ፈልጊ። «ሲስተር፣ ይህን ከባድ ሰው እርስዎ እንዴት ነው የሚያነሡት? ወገብዎን አያምዎትም?» ብለሽ ጠይቂ፤ ያሳዩሽ። ያሳዩሽ ነገር ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ለምሳሌ ታካሚውን በስሙ ጠርተው አረጋግተው ይጀምራሉ፣ ይህን ወጣቶቹ አያደርጉም። እሱን በግልጽ ጥቀሺ። ከዚያ «እግርዎን እንዲህ ከፈት አድርገው ይሞክሩት» በያቸው። ወገባቸው ቀለል ሲላቸው ያንቺ ሥልጠና ራሱ ይናገራል። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ከእነሱ አንዷን አብራሽ አሠልጣኝ አድርጊ። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉን ተማሪ ራሳቸው አይዙም፤ ዳዊት የደገመው ፊደል የሚቆጥረውን ያስቆጥራል፣ እያስቆጠረም የራሱን ያጸናል። ሲስተሯ አራት ወጣት ነርሶችን ስታስተምር እጅ መጎተቱን የምትተወው ራሷ ናት፣ አንቺም አንድ ቃል አልተናገርሽም።

ግብረ መልስ ስትሰጪ «ጎበዝ» ይበቃኛል አትበዪ። ጎበዝ የተባለ ሰው ምኑን እንደሚደግም አያውቅም። መጀመሪያ ራሷን «የትኛው ላይ ከበደሽ?» ብለሽ ጠይቂ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልትነግሪያት ያሰብሽውን ራሷ ትነግርሻለች። ከዚያ አንድ ያየሽውን በጎ ነገር፣ አንድ የሚስተካከል ነገር፣ ያውም ስለ እጇ ወይም ስለ እግሯ አቀማመጥ እንጂ ስለ እሷ ጠባይ አይደለም። ሦስት ስሕተት ብታዪም አደገኛውን አንዱን ብቻ ውሰጂ፤ ወዲያው ደግማ ትሥራው። ደግማ ያልሠራችው እርማት ወሬ ሆኖ ይቀራል። ታካሚው ፊት አታርሚ፤ ሊወድቅ ካልሆነ በቀር። ሊወድቅ ከሆነ ግን ይሉኝታ የለም፣ ገብተሽ ያዢ።

አሁን ነርሷ ለአስታማሚዋ ወደምታስተምረው እንሂድ፤ ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። ነርሷ ሦስት ደቂቃ ታስረዳና «ገባሽ?» ትላለች። አስታማሚዋም «አዎ፣ እግዜር ይስጥሽ» ትላለች። ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው «አልገባኝም» ማለት ነውር መስሎ ይታያታል፣ ወይም ባሏን የሚያክሙትን ማስቀየም ይመስላታል። ስለዚህ «ገባሽ?» የሚለውን ጥያቄ ከነርሶቹ አፍ ለማውጣት ሆን ብለሽ ሥሪ። በምትኩ «እኔ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልይ፤ እስቲ አንቺ አድርጊውና አሳዪኝ» ይበሉ። ጥፋቱ ከአስረጂዋ ነው ሲባል አስታማሚዋ አትሸማቀቅም። ይህንንም በሥልጠናሽ ውስጥ አለማምጂው፤ አንዷ ነርስ አስታማሚ ሆና ሁሉን «እሺ፣ እሺ» ትበል፣ ሌላዋ በተግባር አሠርታ ታረጋግጥ። መሣቃቸው አይቀርም፤ ይሣቁ።

ከሰበታ ዙሪያ ከሚመጡት ታካሚዎች ብዙዎቹ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ናቸው። አስታማሚ የምታስተምረውን ስትመድቢ ቋንቋውን የምትችለውን አስቀድሚ። ታካሚው ግማሽ ቆሞ ሳለ በአስተርጓሚ በኩል የሚመጣ ትእዛዝ ይዘገያል። «ተነሥ»፣ «ዙር»፣ «ተቀመጥ» ለሚሉት አጫጭር ቃላት ሁሉም ነርሶች የአፋን ኦሮሞውን ይያዙ፤ ዋርዱ ውስጥ የሚያስተምራችሁ አታጡም።

ሥልጠና የማይፈታውን ነገር ለይተሽ እወቂ። ዊልቼሩ የት ነው ያለው? መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ፣ ሲወጣ በፊርማ፣ ከጠፋ ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ ማንም ነርስ ለግማሽ ሰዓት መቀመጫ ብላ አትፈርምም። ያኔ የጎደለው እውቀት አይደለም፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ነው። ይህን ከሜትረኗ (ከነርሶቹ ኃላፊ) እና ከንብረት ክፍሉ ጋር ጨርሺ፤ ሁለት ዊልቼር ዋርዱ ውስጥ እንዲያድሩ ማድረግ ከሁለት ቀን ስላይድ የበለጠ ታካሚ ከአልጋ ያወርዳል። ዊልቼሩን ራሱን በሚመለከት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የመሠረታዊ ደረጃ የዊልቼር አገልግሎት ሥልጠና በነፃ ይገኛል። በተግባር ልምምድ የተሞላ ስለሆነ ጥሩ ሥልጠና ምን እንደሚመስል ለማየትም ይረዳሻል።

መለኪያሽ ቀላል ይሁን። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ዋርዱን ዙሪና ተቀምጠው የምታገኚያቸውን የስትሮክ ታካሚዎች ቁጠሪ። ከመጀመርሽ በፊት አንድ ሳምንት፣ ከዚያ በየሳምንቱ። በግማሽ ገጿ ዝርዝር ደግሞ እያንዳንዷን ነርስ ከሥልጠናው ሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ወር ሲሆን አንድ ጊዜ በሥራዋ ላይ እያለች ተመልከቻት። የአልጋ ቁስል ቁጥርን ለጊዜው ተዪው፤ በአንድ ትንሽ ዋርድ ከወር ወር በአጋጣሚም ስለሚዋዥቅ ያሳስትሻል።

የልምምድ ተማሪዎቹን ጉዳይ በአጭሩ። በየታካሚው ትምህርት ለመስጠት ጊዜ የለሽም፤ እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካውያን የቤተሰብ ሐኪሞች ያወጡትን የጥቂት ደቂቃ አካሄድ ተጠቀሚ። ተማሪው ታካሚውን አይቶ ሲመጣ «ችግሩ ምንድን ነው ትላለህ?» ብለሽ አቋም አስይዢው፤ «ምን አይተህ ነው?» በዪው፤ አንድ ጠቅላላ መመሪያ ንገሪው፤ ትክክል ያደረገውን ጥቀሺ፤ የሳተውን አርሚ። ዋናው ነገር ከእሱ በፊት መልሱን አለመናገር ነው። ይህ ለጎበዝ ባለሙያ ከባድ ነው፤ ዝም ማለትን ተለማመጂ።

ቲኦቲውን በተመለከተ፦ ሲመጣ ሂጂ፤ ግን ከመሄድሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ቆሞ አሥር ደቂቃ ያስተምራል ወይ? ሌሎች እያዩትስ አስተያየት ይሰጠዋል ወይ? ካለው፣ ጠቃሚ ነው፣ ፈልገሽም ግቢ። ሦስት ቀን ስለ ማስተማር በስላይድ የሚነገርበት ከሆነ የምስክር ወረቀቱን ይዘሽ ትመለሻለሽ፣ ሌላ ነገር አትጠብቂበት። እስከዚያው ከክፍል ባልደረባሽ ጋር ይህንኑ አድርጉ። አንቺ ስታስተምሪ እሱ ይይሽ፣ ከፈቀዱ ሰዎች ጋር በስልክ ይቅረጽሽ። ስንት ጊዜ እንደተናገርሽና ስንት ጊዜ ነርሶቹ እንደሠሩ ብቻ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ቪዲዮ ያስደነግጥሻል፤ ሁላችንንም ያስደነግጠናል።

አንድ ማሳሰቢያ ቀርቶኛል። ነርሶቹ እርስ በርስ ተለማምደው በዝርዝሩ እስኪያልፉ ድረስ ታካሚ ላይ አይለማመዱ። የመጀመሪያው ታካሚ ሲመረጥም ሐኪሙ ከአልጋ እንዲወርድ የፈቀደለት፣ የደም ግፊቱ የተረጋጋ፣ ትእዛዝ የሚሰማ ይሁን። የአከርካሪ ጉዳት ገና ያልተረጋጋበት ሰው ከዚህ ሥልጠና ውጭ ነው። ታካሚውንም አስታማሚዋንም አስፈቅጂ፤ «እየተማሩ ነው፣ እኔ አጠገባቸው ነኝ» በያቸው። ግማሽ ገጿን ስትጽፊ ደግሞ ላኪልኝና አየዋለሁ፤ ከአሥር መስመር ከበለጠች ግን መጀመሪያ ራስሽ ቀንሺያት።